ሩቅ የሚያበራ ባለ አንድ ድንጋይ ባትሪ እንዴት ይመረጣል?

በቆሎው ሲያሽት፣ ማሽላውና ዳጉሳው ፍሬ ሲይዝ የአርሶ አደሩ ሥራ በፀሐይ መጥለቅ አያበቃም። ቀን ከዝንጀሮና ከጦጣ ሲጠበቅ የዋለው ማሳ ሌሊት ለከርከሮና ለጃርት ይጋለጣል። በመስኖ በሚለማ አካባቢም የውኃ ተራው እኩለ ሌሊት ላይ የሚደርሰው አርሶ አደር ቦዩን ተከትሎ እስከ ማሳው ጫፍ ይሄዳል። በከተማም መብራት ሲቋረጥ፣ ሰው አመሻሽቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወይም የግቢው ውሻ አጥብቆ ሲጮኽ መጀመሪያ የሚፈለገው ለእጅ የቀረበ ብርሃን ነው።

ይህን ብርሃን የሚሰጠውን ዕቃ ሰዉ «ባትሪ» ይለዋል፤ በውስጡ የሚገባውን የኃይል ምንጭ ደግሞ «ድንጋይ» ይለዋል። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ድንጋይ የነበረው ረጅሙ የቆርቆሮ ባትሪ አሁን በኪስ በሚያዝና አንድ ድንጋይ ብቻ በሚጎርስ አነስተኛ ባትሪ እየተተካ ነው። ትንሹ ባትሪ ከቀድሞው ትልቅ ባትሪ አርቆ ሊያበራ መቻሉ እውነት ነው። ገበያ ላይ ግን በካርቶኑ የተጻፈው ቁጥርና በጨለማ የሚታየው ብርሃን ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሩቅ ያበራል ተብሎ የተገዛ ባትሪ ከሃምሳ እርምጃ በላይ አልሻገር ሲል ወይም ሌሊቱ ሳይጋመስ ሲጠፋ ጉዳቱ የተከፈለበት ገንዘብ ብቻ አይደለም። የለፉበት ሰብል ይበላል፤ መንገደኛም በጨለማ መካከል ይቀራል።

ትክክለኛውን ለመምረጥ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ብርሃኑ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚወጣ ነው። ሁለተኛው ድንጋዩ በላዩ የተጻፈውን ያህል ኃይል በእርግጥ መያዙ ነው። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሦስቱ ድንጋይ እንዴት አንድ ሆነ?

የቀድሞው ባትሪ የሚያበራው በአምፖሉ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ግላ ስትፍም ነበር። ወደ አምፖሉ ከሚገባው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ብርሃን የሚሆነው ጥቂቱ ነው። አንድ ደረቅ ድንጋይ የሚሰጠው 1.5 ቮልት ብቻ ስለሆነም ድንጋዮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ ሁለቱ 3 ቮልት፣ ሦስቱ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። የባትሪው ርዝመትና ክብደት የመጣው ከዚህ ነበር።

ይህን ሁለት ግኝቶች ለወጡት። አንደኛው ኤልኢዲ ነው። ኤልኢዲ ነጭ ብርሃን እንዲሰጥ በር የከፈተው ሰማያዊ ኤልኢዲ መሠራቱ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሁለተኛው ቻርጅ እየተደረገ ደጋግሞ የሚያገለግለው የሊቲየም አዮን ድንጋይ ነው። ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም እና አኪራ ዮሺኖ ደግሞ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 በኬሚስትሪ ዘርፍ ተሸልመዋል። አንድ የሊቲየም አዮን ድንጋይ ብቻውን 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ያህል ይሰጣል። ኤልኢዲውም በትንሽ ኃይል ብዙ ብርሃን ስለሚያወጣ ከሁለት ወይም ከሦስት ድንጋይ ይጠበቅ የነበረውን ሥራ አንዱ ይወጣዋል።

የእነዚህ ድንጋዮች ስም ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም መጠናቸውን ይናገራል። 18650 የሚል የተጻፈበት ድንጋይ ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ቅርጹ ድቡልቡል መሆኑን ታመለክታለች። 21700 የተባለው ወርዱ 21፣ ርዝመቱ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጥቂት ወፈር ብሎ የበለጠ ኃይል ይይዛል። 14500 የተባለው ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ከሚገባው ትንሽ ድንጋይ ጋር በቁመት ተቀራራቢ ነው።

ይህ መቀራረብ አደጋም አለው። ለ1.5 ቮልት ብቻ በተሠራ ባትሪ ውስጥ በመጠን ስለሚገጥም ብቻ 14500 ድንጋይ ማስገባት ባትሪውን ሊያቃጥለው ይችላል። ባትሪው ሁለቱንም የሚቀበል መሆኑ በመመሪያው ላይ ካልተጻፈ አለመሞከር ይሻላል።

የብርሃን ብዛት ሌላ፣ የብርሃን ርቀት ሌላ

በካርቶኑ ላይ ገዝፎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሉመን የሚባለው ቁጥር ነው። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላው ስንት እንደሆነ ይለካል፤ ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገርም። ርቀትን የሚወስነው ሌላ መለኪያ ነው፤ ካንዴላ ይባላል። ካንዴላ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተጠናክሮ እንደሚሄድ ያሳያል።

ልዩነቱ ውኃ ለሚያጠጣ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጎማ የሚወጣው ውኃ አፉ ክፍት ሲሆን እግር ሥር ይፈስሳል። አፉ በአውራ ጣት ሲጠብብ ግን በቀጭኑ ተወርውሮ ሩቅ ካለው ተክል ይደርሳል። ሉመን የውኃው ብዛት ነው፤ ካንዴላ ደግሞ ውርወራው ነው። 1,000 ሉመን ያለው ባትሪ ብርሃኑን በሰፊው ከበተነው ግቢን እንደ ቀን ያደምቃል፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ግን አያሳይም። 500 ሉመን ያለው ሌላ ባትሪ ብርሃኑን በጠባቡ ሰብስቦ ከላከው ብዙ እጥፍ ርቆ ይደርሳል።

ለእጅ ባትሪዎች የወጣውና ኤፍ ኤል 1 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ርቀትን የሚያሰላው በዚሁ በካንዴላ ነው። በዚህ ስሌት 2,500 ካንዴላ ያለው ባትሪ 100 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ ያለው 200 ሜትር፣ 22,500 ካንዴላ ያለው 300 ሜትር፣ 40,000 ካንዴላ ያለው 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከቁጥሮቹ አንድ ሕግ ይነበባል። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ የብርሃኑ ጥንካሬ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ብርሃን በራቀ ቁጥር ወደ ጎንም ወደ ላይም ስለሚሰፋ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያርፍበት ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ባትሪዎች ቀርበው አንዱ በካንዴላ ከሌላው እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው ርቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ልዩነት እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅ ከሆነ ማሰብ ይገባል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በመለኪያው «ደረሰ» የሚባለው ብርሃን በዒላማው ላይ ሲያርፍ ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነው። በጨረቃ ብርሃን አንድ ነገር መኖሩ ይታወቅ ይሆናል፤ ሰው ይሁን እንስሳ፣ ጥጃ ይሁን ጅብ ለመለየት ግን አይበቃም። በግማሹ ርቀት ላይ ብርሃኑ አራት እጥፍ፣ በሲሶው ላይ ዘጠኝ እጥፍ ይጠነክራል። በተግባር ለመለየት የሚያገለግለው ርቀት በካርቶኑ ከተጻፈው ሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ነው ብሎ መያዝ አያሳስትም። ከማማው እስከ ማሳው ጠርዝ 100 ሜትር የሚርቅበት አርሶ አደር 200 ወይም 300 ሜትር የተባለለትን ባትሪ መፈለጉ ትክክል ነው።

ሩቅ የሚልከው የትኛው ክፍል ነው?

ብርሃንን ሰብስቦ የሚልከው በባትሪው ራስ ውስጥ ያለው ጎድጓዳና የሚያብረቀርቅ አንጸባራቂ ነው። በአንዳንዱ ባትሪ ይህን ሥራ ወፍራም ሌንስ ይሠራዋል። ሁለት ነገሮች ርቀትን ይጨምራሉ፤ የአንጸባራቂው ስፋትና የኤልኢዲው ትንሽነት። ሰፊ አንጸባራቂ ከትንሽ ኤልኢዲ የሚወጣውን ብርሃን በጠባብ ጨረር ይሰበስበዋል። ትልቅ ኤልኢዲ በትንሽ አንጸባራቂ ውስጥ ሲቀመጥ ብርሃኑ ይበዛል፤ ነገር ግን ይበተናል።

ገዢ ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። ባትሪው ጠፍቶ ሳለ ወደ ራሱ ሲመለከት ቢጫ ቀለም ያላት ኤልኢዲ ልክ መሐል ላይ መቀመጥ አለባት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ጨረሩም ይዛባል። አንጸባራቂው እንደ መስታወት ልሙጥ ከሆነ ብርሃኑን በአንድ ነጥብ ያጠናክረዋል፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ ከሆነ ብርሃኑን ያለዝበዋል፣ ርቀቱን ግን ይቀንሳል። ብዙ ትንንሽ ኤልኢዲዎች የተደረደሩበት ባትሪም ቅርቡን ለማድመቅ እንጂ ሩቁን ለማሳየት የተሠራ አይደለም።

ትንሽነትና ርቀት ሁልጊዜ አይስማሙም። ራሱ ከሰውነቱ ብዙ ያልሰፋ የ18650 ባትሪ በኪስ በቀላሉ ይያዛል፤ በአብዛኛው የሚደርሰውም 200 ሜትር አካባቢ ነው። ራሱ 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋው በዚያው ድንጋይ ብዙ መቶ ሜትር ሊልክ ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ግን ይከብዳል። በአንድ ጊዜ ሸንቃጣም፣ እጅግ ሩቅ አድራሽም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድም ነው የሚል ማስታወቂያ ከሦስቱ አንዱን ደብቋል ማለት ነው።

በገበያ በብዛት የሚታየው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ የሚሳበው ባትሪ ነው። ሲሳብ ብርሃኑ ጠብቦ በግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ምስል ይጥላል፤ ይህም የኤልኢዲዋ ምስል ነው። ርቀቱ ደህና ቢሆንም በሚጠብብበት ጊዜ ከብርሃኑ ብዙው በራሱ ውስጥ ታግዶ ይቀራል። ራሱ በተሳበ ቁጥርም አየር ስለሚገባና ስለሚወጣ ውኃና አቧራን መከላከል ያስቸግረዋል። ዝናብና ጭቃ ለሚበዛበት ሥራ የማይሳበው ይመረጣል።

ስለ ድንጋዩ የሚነገር እውነትና ሐሰት

ባለ አንድ ድንጋይ ባትሪ ተጠባባቂ የለውም። ድንጋዩ ከደከመ የሚደግፈው ሌላ ስለሌለ ምርጫው በድንጋዩ ላይ ሊጠነክር ይገባል። ብዙው ሐሰት የሚጻፈውም በዚሁ ድንጋይ ላይ ነው።

የድንጋይ ይዘት የሚለካው በሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። በታወቁ አምራቾች የሚሠራ ጥሩ 18650 ድንጋይ ከ2,500 እስከ 3,500 ያህል ይይዛል። 21700 ደግሞ ከ4,000 እስከ 5,000 ያህል ይይዛል። በአንድ የ18650 ድንጋይ ላይ 6,800፣ 8,800 ወይም 9,900 ተብሎ ከተጻፈ ቁጥሩ ሐሰት ነው፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያን ያህል የሚይዝ ድንጋይ በገበያ የለም። ሐሰተኛውን ለመለየት ሚዛን ይረዳል። ጤናማ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 21700 ደግሞ 70 ግራም ገደማ። ለ18650 በጣም ቀሎ 30 ግራም አካባቢ የተገኘ ድንጋይ በውስጡ የሚገባው ነገር ጎድሎበታል። የወርቅ ወይም የቅመማ ቅመም ሚዛን ያለው ጎረቤት ካለ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው።

ድንጋዩ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያበራ ለማወቅም ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ይሆናል። ኤልኢዲው ከባትሪው ሥርዓት ጋር በአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል ቢባል፣ 1,000 ሉመን የሚያበራ ባትሪ 10 ዋት ይበላል፤ ድንጋዩም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ብሎ ያልቃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳያቋርጥ እንዲያበራ ከተፈለገ የሚወጣው 100 ሉመን ገደማ ብቻ ነው። «1,000 ሉመን፣ ሌሊቱን ሙሉ» የሚል ጽሑፍ ከዚህ ስሌት ጋር አይታረቅም።

ስሌቱ ግን መልካም ዜናም አለው። ብርሃኑ በዐሥር እጥፍ ሲቀንስ ርቀቱ በዐሥር እጥፍ አይቀንስም፤ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል እንጂ። በከፍተኛው ደረጃ 400 ሜትር የሚደርስ ባትሪ ከብርሃኑ ዐሥር በመቶውን ብቻ ሲያወጣ አሁንም 120 ሜትር ያህል ይደርሳል። ጠባብ ጨረር ያለው ባትሪ ለጠባቂ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። በዝቅተኛው ደረጃ ሌሊቱን ያቆያል፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲሰማ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ይደረጋል።

ከፍተኛው ደረጃ በራሱ ለረጅም ጊዜ አይዘልቅም። ትንሽ ባትሪ ቶሎ ስለሚግል በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። በካርቶኑ የሚጻፈው የቆይታ ጊዜም በጥንቃቄ ይነበብ። በኤፍ ኤል 1 መለኪያ ባትሪው «ቆየ» የሚባለው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ ዐሥር በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ 5 ሰዓት ከተጻፈው ውስጥ ብዙው ሰዓት ያለፈው በደበዘዘ ብርሃን ሊሆን ይችላል።

ከሊቲየሙ ሌላ ለሰዓትና ለሪሞት የሚሆነውን አንድ ትንሽ ድንጋይ የሚጎርስ ባትሪም አለ። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ ድንጋዩ ከአቅራቢያው ሱቅ ስለሚገኝ ጥቅሙ አይናቅም። የሚይዘው ኃይል ግን ከጥሩ 18650 ድንጋይ አንድ አራተኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለቅርብ መንገድ ይሆናል፤ ለሩቅ ጨረር አይታመንም። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከተቀመጠም ድንጋዩ ፈሳሽ አውጥቶ ባትሪውን ስለሚበላው ማውጣት ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል

የሊቲየም አዮን ድንጋይ በትንሽ አካል ብዙ ኃይል ይይዛል፤ አያያዙ ከተበላሸ ያ ኃይል በእሳት መልክ ሊወጣ ይችላል። የደከመ ደረቅ ድንጋይን በፀሐይ ማስጣት ወይም በጥርስ ነክሶ እንደገና ማሠራት በብዙ ቤት የታወቀ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በሊቲየም ድንጋይ ላይ ፈጽሞ መሞከር የለበትም። ማጋል፣ መንከስ፣ መቀጥቀጥ፣ መብሳትና ወደ እሳት መጣል ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

ቻርጅ ሲደረግ የድንጋዩ ቮልት 4.2 ላይ መቆም አለበት። ከዚያ እንዳያልፍ የሚያቆመው ቻርጀሩ ወይም በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ነው። የሶላር ሰሌዳን ሽቦ በቀጥታ ከድንጋዩ ጋር ማገናኘት ይህን ጥበቃ ስለሚያልፍ አደገኛ ነው። ቤቱ ውስጥ ሶላር ካለ ለስልክ መሙያ በተሠራው የዩኤስቢ ቀዳዳ በኩል መሙላት ይገባል። ቻርጅ የሚደረግበት ቦታም በሣር ክዳን ሥር፣ በፍራሽ ላይ ወይም በጭድ አጠገብ መሆን የለበትም፤ በድንጋይ፣ በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው እያየው ቢሆን ይሻላል። ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ መተው አይመከርም።

ትርፍ ድንጋይ የሚይዝ ሰው ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ መክተት የለበትም። ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ካገናኛቸው ድንጋዩ ባንድ አፍታ ይግላል። ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ያበጠ፣ የተጨፈለቀ፣ ልባሱ የተቀደደ ወይም ያለምክንያት የሚሞቅ ድንጋይ ከአገልግሎት ይውጣ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈትተው አዲስ ልባስ የለበሱ ድንጋዮች በርካሽ ስለሚሸጡ ልባሱ የተጨማደደ፣ የአምራቹ ስም የሌለው ወይም ጫፉ የተበየደበት ምልክት የሚታይ ከሆነ መተው ይመረጣል። ከመጠን በላይ መሙላትንና ጨርሶ መራቆትን የሚከላከል መቆጣጠሪያ ያለው ድንጋይ ጥቂት ዋጋ ቢጨምርም የተሻለ ነው። መቆጣጠሪያው ርዝመቱን በጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚያስረዝመው ግን በባትሪው ውስጥ መግጠሙ አስቀድሞ ይታይ።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የባትሪው ገላ ከአሉሚኒየም ቢሆን ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ ሲወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ክዳኑ ሲፈታ በጥርሱ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሩን፣ ቀለበቱም ያልተሰነጠቀ መሆኑን ማየት ይገባል። ውኃ የሚከለክለው እርሱ ነው። በካርቶኑ ላይ አይፒ ኤክስ 4 የሚል ካለ ከየትም የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል፤ አይፒ ኤክስ 7 ከሆነ በ1 ሜትር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ቦይ ለሚሻገር ሰው ሁለተኛው ይመረጣል። የቻርጅ ቀዳዳው በጎማ ክዳን መሸፈኑም አይዘንጋ።

ድንጋዩ የሚወጣና በሌላ የሚተካ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል። ድንጋይ በአገልግሎት ብዛት እየደከመ ይሄዳል፤ በውስጡ ተጣብቆ የተዘጋ ከሆነ ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ ይጣላል። መደበኛ 18650 ወይም 21700 የሚጎርስ ግን ድንጋዩ ብቻ ተቀይሮ ይቀጥላል።

ማብሪያው በጨለማ በእጅ ዳሰሳ የሚገኝ፣ በወፍራም ጋቢ ወይም በእርጥብ እጅም የሚታዘዝ መሆን አለበት። አንዳንዱ ባትሪ በተጫኑት ቁጥር ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ፣ ከዚያም ወደ ብልጭ ድርግም ይዞራል። ጅብ ፊት ለፊት ሲመጣ የሚፈለገውን ደረጃ ለማግኘት አምስት ጊዜ መጫን የሚያስገድድ ባትሪ ለዚያ ሥራ አልተሠራም። በኪስ ውስጥ በራሱ በርቶ እንዳይግልም መቆለፊያ ቢኖረው ወይም ክዳኑን ጥቂት በመፍታት የሚጠፋ ቢሆን መልካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍተሻ ማታ የሚደረገው ነው። ቀን በሱቅ ውስጥ ሁሉም ባትሪ ብሩህ ይመስላል። ነጋዴው የሚታወቅ ከሆነ ለአንድ ምሽት አሳይቶ ለመመለስ መስማማት ይቻላል። በጨለማ ሜዳ 100 እርምጃ ርቆ የቆመ ነገር ላይ ሲበራ ቅርጹና ቀለሙ ከተለየ፣ ከዚያም በ200 እርምጃ ከተሞከረ የካርቶኑ ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን ይታወቃል። ምሽት እስኪደርስ መጠበቅ ካልተቻለ በጨለመ ክፍል ግድግዳ ላይ ማብራት ይረዳል። መሐሉ ላይ ጠባብና ደማቅ ክብ፣ በዙሪያው ደግሞ ፈዘዝ ያለ ብርሃን ከታየ ባትሪው ለርቀት የተሠራ ነው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከተሰራጨ ለቅርብ ነው። ለ10 ደቂቃ ያህል አብርቶ ማቆየትም ሙቀቱንና ብርሃኑ በድንገት መውረዱን ያሳያል።

ለማን የትኛው ይሻላል?

ማሳ ለሚጠብቅ አርሶ አደር ጠባብ ጨረር፣ ሰፋ ያለ ራስና 21700 ድንጋይ ያለው ይስማማዋል። ውኃ ለሚያጠጣ ሰው ውኃ የማይገባው፣ ብርሃኑ መጠነኛ የሆነ የ18650 ባትሪ ይበቃል፤ እርሱ የሚያየው ቦዩንና እግሩ ሥር ያለውን ነውና። ለከተማ ነዋሪ በኪስ የሚገባው፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላውና ዝቅተኛ ደረጃው ለብዙ ሰዓት የሚቆየው ይመረጣል። በጠባብ ክፍል ውስጥ የሩቁ ጨረር ዓይን ከማንጸባረቅ በቀር አይረዳም፤ ወደ ጣሪያ ዞሮ ሲበራ ግን ክፍሉን በሙሉ ያደምቃል። የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ ርቀቱንም ስፋቱንም አማካይ አድርጎ የሚሰጠውን ቢይዝ ይጠቀማል።

አጠቃቀሙም የራሱ ዘዴ አለው። በጉምና በአቧራ ውስጥ ጠባብ ጨረር ወደ ያዡ ዓይን ይመለሳል፤ ባትሪውን ከዓይን አርቆ ወደ ወገብ ዝቅ አድርጎ መያዝ ይህን ይቀንሰዋል። በሌሊት ብርሃን ሲያርፍባቸው ዓይናቸው የሚያበራ እንስሳት ብዙዎች ናቸው። የጅብ ዓይን ያበራል፤ የበግ፣ የፍየልና የከብት ዓይንም እንዲሁ ያበራል። ስለዚህ የሚያበራ ዓይን በሩቅ ስለታየ ብቻ ድንጋይ መወርወር ወይም ከዚያ የከፋ ርምጃ መውሰድ የጎረቤትን ጥጃ ሊያስጎዳ ይችላል። የሰው ዓይን ደግሞ እንዲህ አያበራም፤ ዓይን አልታየም ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም። ቅርጹ እስኪለይ መጠበቅ ይገባል።

ጠባብ ጨረር በሰው ዓይን፣ በተለይም በሚመጣ አሽከርካሪ ፊት መብራት የለበትም፤ ለጥቂት ቅጽበት ማየት የተሳነው አሽከርካሪ መንገዱን ሊስት ይችላል። ሕፃናት በቅርበት ወደ ብርሃኑ እንዳያዩም መከልከል ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ገዢ በሱቁ ደጃፍ ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ብዙውን ስሕተት ያመልጣል። ካንዴላው ስንት ነው? ድንጋዩ የማን ሥራ ነው፣ ክብደቱስ? ድንጋዩ ሲደክም ብቻውን ይቀየራል? ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ ያለው ነጋዴ የሚሸጠውን ያውቃል። ለሦስቱም «እጅግ ኃይለኛ ነው» ብቻ የሚል መልስ ከተሰጠ ገንዘቡን ወደ ኪስ መልሶ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይቻላል።